ለእማማ ሊን የተጨበጨበ ቀን

ባለፈው ሳምንት፣ በምሠራበት የሻኮፒ ከተማ መጋዘን የእረፍት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ባልደረባዬ መንደሪን ላጠችና ልጣጩን ሂተሩ ላይ ጣል አደረገችው። ሽታው ሲሞቅ ምሳዬን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ። ብሬካችን ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳውንም ደቂቃ መኪናዬ ውስጥ፣ ሞተር ሳላስነሣ፣ በብርድ ተቀምጬ ጨረስኩት። ስመለስ ልጅቷ ምን እንዳስቀየመችኝ ጠየቀችኝ። በብሬክ ሰዓት ተነግሮ የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

ያን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔና እናቴ ሚኒያፖሊስ ከገባን ገና ሁለተኛ ወራችን ነው። ሲዋርድ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ረጅም ሕንጻ አምስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተናል። እናቴ ማለዳ ለሥራ ወጥታ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ እሷ እስክትደርስ ድረስ የሚያየኝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሰዋችን ከኮሪደሩ ማዶ ተገኘች፦ ብቻዋን የምትኖር፣ ከታይዋን የመጣች አሮጊት። ከእናቴ ጋር ሊፍት ውስጥ በእጅ ምልክት ተስማሙ።

"እማማ ሊን በያት" አለችኝ እናቴ። "አያትሽን የምታህል ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም።"

እሷ ራሷ "ማዘር" ነበር የምትላት። እኔ አንቱ ልበላት ብል የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ሁለታችንም በቅጡ በማናውቀው እንግሊዝኛ። ስለዚህ እስከ ዛሬ በልቤ አንቺ ናት። እሷም ትርሲት ማለት አልሆንላት ብሎ "ቲቲ" አለችኝ።

ቤቷ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው ሽታው ነው። የመንደሪን ልጣጭ አትጥልም፤ ማሞቂያው ላይ ደርድራ ታደርቀውና ቀቅላ ለጉሮሮዋ ትጠጣዋለች። ቀጥሎ ሹክሹክታው ነው። "ግቢ" ስትለኝም፣ "ብዪ" ስትለኝም፣ "ጫማሽን አውልቂ" ስትለኝም በሹክሹክታ ነው። እኔ ውስጥ ክፍል የተኛ ሰው አለ ብዬ ደመደምኩ። የታመመ ባል መሰለኝ። እኔም እየተንሾካሾክሁ መለስኩላት። ማንኪያ ሳስቀምጥ እንኳ ከሳህኑ ጋር እንዳይጋጭ እጠነቀቅ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ አመሉ እቤትም ተከተለኝ።

"ምን ሆነሽ ነው የምትንሾካሾኪው?" አለችኝ እናቴ አንድ ቀን ራት ስንበላ።

"ሰውየው እንዳይነቃ።"

"የቱ ሰውዬ?"

በማግሥቱ እናቴ ማዘርን ጠየቀቻት። እማማ ሊን የሸሚዟን አንገት ዝቅ አድርጋ ጠባሳዋን አሳየችን። ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ነበር። ኦፕራሲዮን አድርገው አወጡላት፤ ድምፅዋም አብሮ ሄደ። ከዚያ እኔን እጄን ይዛ የመኝታ ክፍሉን በር ከፈተችልኝ። አንድ አልጋና አንድ ወንበር ብቻ። ለምን እንዳለቀስሁ ማንም አልገባውም። ሰውየውን ለምጄው ነበር መሰለኝ።

ቴሌቪዥኗ ሥር የቪዲዮ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ በየጀርባቸው ቁጥርና የቻይና ጽሕፈት አለ። ሁሉም የአንድ ዝግጅት ካሴቶች ናቸው፦ በአገሯ በታይዋን፣ ታይፔ ከተማ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ የቻይንኛ ቴሌቪዥን ሽልማት። ታናሽ እህቷ በየዓመቱ እየቀዳች ትልክላት ነበር። እህቷ ስትሞት ካሴቱም ቆመ።

እኔ ሠርግ መስሎኝ ነበር። አበባ አለ፣ ሱፍ የለበሱ ወንዶች አሉ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ የምታለቅስ ሴት አለች። በየካሴቱ ሙሽራዋ ትቀያየራለች።

"ሠርግ አይደለም" አለችኝ እማማ ሊን፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ። ስትስቅም ድምፅ የላትም። "ከመጀመሪያው ላሳይሽ።"

ያን ዊንተር በረዶው መስኮቱን እየሸፈነ፣ እኛ በቀን አንድ ካሴት እያየን የሽልማቱን ታሪክ ዘለቅነው። የጥንቶቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው፣ አዳራሻቸውም ጠባብ ነው። ስሙ የተጠራ ሰው እንደ ተማሪ ብድግ ይልና ዋንጫውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። አንድም ሰው አይናገርም። ለምን ስላት "ያኔ ሰው ብዙ አያወራም ነበር" አለችኝ። ቀጥሎ ቀለም መጣ። አዳራሹ ሰፋ፣ ቀሚሱ ረዘመ፣ ሰዎቹም ማይክሮፎኑን ይዘው ማልቀስና ማመስገን ጀመሩ። የሚመሰገነው ሰው ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። አንድ ዓመት አስተዋዋቂዋ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ካሴት ሕፃን ይዛ ትመጣለች ብዬ ሌሊቱን አስቤ አደርኩ። በሷ ቦታ ሌላ ሴት ቆማ አየሁ።

አንዱን ካሴት ግን እማማ ሊን ደጋግማ ትመልሰው ነበር። ለኔ ባሳየችኝ ቀን ግን መጀመሪያ የቪዲዮ ዴኩ ውስጥ የከተተችው ከሌላ ቦታ ያወጣችውን የድራማ ካሴት ነው። አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ቀጭን፣ ረጅም ሴት ወንዝ ዳር ቆማ ትናገራለች። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ድምፅዋ ግን አንጀት ይበላል። ወፍራምና የተረጋጋ ሆኖ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል። ከዚያ የሽልማቱን ካሴት ከተተች። ያችው ረጅም ሴት መድረክ ላይ ወጥታ ዋንጫ ተቀብላ አፏን ስትከፍት፣ የወጣው ቀጭን፣ ጥድፍ ጥድፍ የሚል ድምፅ ነው።

"ይቺ ሌላ ሰው ናት" አልኩ።

"ራሷ ናት።"

"ድምፅዋስ?"

እማማ ሊን ጣቷን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስራ "እሷ አፌ ናት" አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ወደ ጉሮሮዋ መለሰች።

ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጀብኝ። በዚያ ዘመን በድራማዎቹ ላይ የሚሰማው የተዋናዮቹ ድምፅ አልነበረም። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎን ፊት የሚቀመጡ ሌሎች ሰዎች የተዋናዮቹን ከንፈር እያዩ ይናገሩላቸው ነበር። የእማማ ሊን ሥራ ይህ ነበር። ሙሽራም፣ ንግሥትም፣ ልጅ የሞተባት እናትም ሆና ተናግራለች፤ ፊቷን ያየ ሰው ግን የለም። ሽልማቱ ለመብራት ሠራተኛ ዋንጫ ነበረው፤ ለልብስ ሰፊም ነበረው። ለነሱ አልነበረውም። ረጅሟ ሴት ዳይሬክተሩን አመሰገነች፣ እናቷን አመሰገነች፣ ሾፌሯን አመሰገነች። እማማ ሊን በጣቷ እየቆጠረች ሾፌሩ ጋ ስትደርስ ታቆመዋለች።

"ሰዓት አልበቃትም" ትለኛለች ሁልጊዜ።

መጋቢት ላይ ደብዳቤ መጣላት። የጻፈላት ሚስተር ቹ የሚባል፣ አብሯት ለተዋናዮች ድምፅ ይሰጥ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ በስንቱ ድራማ ባሏ ሆኖ ተናግሯል። ዘንድሮ በሽልማቱ ላይ የድሮዎቹ ድምፆች ይታወሳሉ፣ ያንቺንም ፎቶ ከኔው ጋር አድርጌ ሰጥቻለሁ ይላል። ደብዳቤውን ሦስቴ አነበበችልኝ፤ መጀመሪያ በቻይንኛ፣ ከዚያ ሁለቴ በእንግሊዝኛ።

"ያሳዩኛል፣ ቲቲ" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ እማማ ሊን ሌላ ሰው ሆነች። ጸጉሯን ቀባች። ከቁም ሳጥኗ ያወጣችውን ወይን ጠጅ ቀሚስ በልኳ አጠበበችው። ፖስታ የሚያመጣውን ሰውዬ አስቁማ ነገረችው፤ ሹክሹክታዋን ለመስማት ጎንበስ ሲል ጆሮው ከንፈሯን ሊነካ ደርሶ ነበር። ካሊፎርኒያ ለሚኖረው ልጇ እኔ ደወልኩላት። ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ አየዋለሁ አለ።

በዓሉ የዋለው ቅዳሜ ነው። ታይፔ ሲመሽ እኛ ጋ ይነጋል፤ ስለዚህ ማለዳ፣ ገና ዓይናችንን ሳናሽ፣ እኔና እናቴ ኮሪደሩን ተሻገርን። እናቴ ኦፍ ነበረች። ከሱቅ ኬክ ገዝታ ላዩ ላይ "ኮንግራጁሌሽንስ" አስጽፋበታለች። እማማ ሊን በወይን ጠጅ ቀሚሷ፣ ዝግጅቱን በቀጥታ የሚያሳየው ኮምፒውተሯ ፊት ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ ጭኗ ላይ።

ሁለት ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ አዳራሹ ደበዘዘ፣ ቫዮሊን ጀመረ፣ የሽማግሌና የአሮጊት ፎቶዎች አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። የያንዳንዱ ሰው ፎቶ ሲመጣ የተናገረበት ድራማ ጥቂት ይሰማል። አራተኛው ላይ ያ ድምፅ መጣ፤ ወፍራሙ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰነጠቀው። ፎቶው የአንዲት ወጣት ነው። ዓይኖቿን አወቅኋቸው።

"እማማ! አንቺ ነሽ! አሸነፍሽ!" ብዬ ጮህኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው። አዳራሹ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ አየሁና እልል አልኩ። እናቴም ተከተለችኝ፤ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እልልታውን ለቀቀችው።

እማማ ሊን ዞር ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ ምን እንደምለው አላውቅም።

የእናቴ እልልታ መሐል ላይ ተቆረጠ። እኔ ቀጠልኩ። ከእማማ ሊን ፎቶ በኋላ የአንድ መነጽር ያደረገ ሽማግሌ ፎቶ መጣ፤ እማማ ሊን እጇን ስክሪኑ ላይ አሳረፈችና "ቹ" አለች። በዚህ ጊዜ እናቴ ክንዴን ጨብጣ ይዛኝ ነበር።

"በቃ፣ ዝም በዪ" አለችኝ በአማርኛ።

"ለምን?"

"ዝም በዪ አልኩሽ።"

ፎቶዎቹ አለቁ፤ መብራቱ በራ፤ ሰዎቹ ተቀመጡ፤ ሌላ ዘፈን ተጀመረ። እማማ ሊን ተነሥታ ቢላዋ አመጣች። ኬኩን እኩል እኩል ቆርሳ አቀረበችልን። "ብሉ" አለችን። እናቴ አንድ ጊዜ ጎረሰችና ሳህኑን አስቀመጠች።

ኮሪደሩ ላይ እንደወጣን እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

"ከፎቶው ሥር ሁለት ዓመተ ምሕረት ነበር" አለችኝ። "የተወለደችበትና የሞተችበት። የሞቱትን ነው የሚያሳዩት። ሞታለች ብለው ነው።"

"ታዲያ ለምን አጨበጨቡ?"

"ለሞተ ሰው ስለሆነ ነዋ።"

ሚስተር ቹ ደብዳቤውን በጻፈ በወሩ ሞቶ ኖሯል። ሁለቱን ፎቶ በአንድ ፖስታ ስለሰጠ፣ እሱ ሲሞት ሁለቱንም ከሙታን ጋር መደቧቸው። ይህን እማማ ሊን ከኮምፒውተሩ ላይ አንብባ የደረሰችበት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እኔ በዚያ ሳምንት የማስበው እልልታዬን ብቻ ነበር። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ አፌን በትራስ እጭን ነበር።

ከዚያ እማማ ሊን ስልክ እንድደውልላት ጠየቀችኝ። ለሽልማቱ አዘጋጆች። የምለው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ስሟን ጠርቼ "ታ ሃይ ሁዎጀ"፣ አሁንም በሕይወት አለች። ደብተሬ ላይ በአማርኛ ፊደል ጻፍኩት። ቻይንኛ ግን ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ይቀየራል፤ ስለዚህ እማማ ሊን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በጣቷ አየር ላይ ትመራኛለች። "ታ" ላይ ጣቷ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ "ሃይ" ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ከንፈሬን እንዴት እንደምትመለከት! አንዲት ፊደል ሳልጨርስ ከሄድኩ ጠረጴዛውን መታ ታደርጋለች። ስድስት ቀን ተለማመድን። በስድስተኛው ቀን ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

የደወልነው ከራት በኋላ ነው፤ ሰኔ ገብቶ ስለነበር ፀሐይዋ አልጠለቀችም። እናቴ ለአገር ቤት የገዛችውን የስልክ ካርድ ሰጠችን፤ እሷም አብራን ተቀመጠች። አንዲት ሴት አነሣች። የእማማ ሊንን ስም ተናገርኩ፤ "ታ ሃይ ሁዎጀ" አልኩ። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች። ዐረፍተ ነገሬን ደገምኩት። ወደ እንግሊዝኛ ቀይራ ጠየቀችኝ፤ ከየት ነው የምትደውዪው? ነገርኳት። እማማ ሊን አጠገቤ ናት፣ አልሞተችም አልኳት።

"ሚስ ሊንን ሁላችንም እናውቃታለን" አለችኝ። ድምፅዋ ደግ ነበር። "እኔ በሷ ድምፅ ነው ያደግሁት። አጠገብሽ ካለች አንድ ቃል ትበለኝ። ወዲያው አውቃታለሁ።"

"መናገር አትችልም። ድምፅዋ ጠፍቷል።"

"አንድ ቃል ብቻ።"

እማማ ሊን ሰምታ ነበር። ስልኩን ተቀበለችኝ። ወገቧን አቀናች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። አየር ብቻ ነው የወጣው፤ የአንገቷ ሥሮች ተገትረው ደጋግማ ሞከረች። ከስልኩ ውስጥ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል። ስልኩን ወደ ጆሮዬ ስመልስ ሴትዮዋ "ልጄ፣ በሙታን አይቀለድም" ብላ ዘጋችው።

"ማዘር፣ ደብዳቤ ይጻፉ" አለች እናቴ። "ፎቶ ተነሥተው ይላኩላቸው። ትርሲት፣ ንገሪያት።"

ተረጎምኩላት። እማማ ሊን ቀስ ብላ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

"በዕድሜዬ ሙሉ ሰው ተነሥቶ ያጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው" አለች። "አለሁ ካልኳቸው ይቀመጣሉ።"

ይህንንም ለእናቴ ተረጎምኩላት።

እኔ ግን ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ አምኛለሁ። "ሃይ" ስል ፈርቼ ድምፄን ዝቅ አድርጌዋለሁ። መውጣት ሲገባው ወርዷል፤ ሴትዮዋ "ሞታለች" ስል ሰምታኛለች። በዘጠኝ ዓመት ልብ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። በማግሥቱ ለእናቴ ትልቅ ልጅ ነኝ፣ ሞግዚት አልፈልግም፣ ቁልፍ ስጪኝ አልኳት። ደክሟት ነበር፤ ሰጠችኝ።

"ስሙን ለማይናገር ሰው በር እንዳትከፍቺ" አለችኝ። "ማነው በዪ። መልስ ከሌለ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ሦስት ጊዜ፣ በቀስታ።

"ማነው?" አልኩ በእንግሊዝኛ።

መልስ የለም። እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ በበሩ ሥር አየሁ፤ ግራጫ የጨርቅ ጫማዎች። ትንፋሽም ይሰማኛል፤ ቃል ሊሆን የሚሞክር ትንፋሽ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። መልስ ከሌለ ዝም በዪ ተብያለሁ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ጫማዎቹ ብዙ ቆይተው ሄዱ።

በማግሥቱ ደግሞ ተንኳኳ። በበሩ ሥር ሳይ ጥቁር የሴት የውጭ ጫማ ነው፤ አጠገቡ የወንድ ጫማና የሻንጣ ጎማ። ሰውየው በቻይንኛ የችኮላ ነገር ይናገራል። እሷ አንኳኳች። ቆመች። አሁንም አንኳኳች። እጄ እጀታው ላይ ነበር። የሻንጣው ጎማ እየተንኳኳ ወደ ሊፍቱ ሲሄድ፣ የሊፍቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። በትንፋሽዋ ልትነግረኝ የመጣችው ምን እንደነበር አላወቅሁም፤ አሁን የምጠይቀው ሰውም የለም።

አመሻሽ ላይ እናቴ ከሥራ ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ማዘርን ልጇ ወሰዳት አሉኝ፣ ካሊፎርኒያ። ታች ነው የነገሩኝ። ለሁልጊዜው ነው መሰለኝ" አለች። "ተሰናበተችሽ?"

"አዎ።"

"ምን አለችሽ?"

"በርቺ፣ ትምህርትሽን ተማሪ አለችኝ" አልኳት። "እናትሽን ሳሚልኝ ብላለች።"

"ደግ ሴት" አለች እናቴ፤ ጎንበስ ብላም የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች።